ስፋቱን እዪ ይለኝ የነበረው ጋሽ ሙሄ

ጋሽ ሙሄ ማረፉን የሰማሁት ዋጃ ላይ፣ ወደ አላማጣ የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ ቆቦ ላይ ከሱቃችን ጎን ጫማ የሚሸጠው ጎረቤታችን ነበር። «ስንዱ፣ ጋሽ ሙሄን ቀብረን መመለሳችን ነው» አለኝ፤ እንዲሁ በደፈናው። ሙስሊም ሲሞት ሬሳው እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን ሰው ታመመ ሳይባል እንዴት ተቀበረ ይባላል? ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። መድኃኒቱ አንድ ወር ይገኛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም። ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ቆቦ የሚመለስ መኪና ፈለግሁ።

ለቅሶ ቤት ስገባ አንዱ «ደግ ሰው ነበር፣ ሰው የማያስቀይም» እያለ ያወራል። ኸረ ተው! ሰው ሲሞት ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት እንደሚሆን አይገባኝም። ጋሽ ሙሄ ደረቅ ሰው ነበር። ደንበኛ ላፕቶፑን አምጥቶ «ይሠራል አይደል ጋሼ?» ሲለው «ሳልከፍተው በምን አውቄ?» ብሎ የሚመልስ፣ «አይዞህ» የሚባል ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው። ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ በዚህ ጉዳይ ስንቴ ተጣልተናል።

«አቦ ጋሽ ሙሄ፣ አንዳንዴ እንኳ ኢንሻ አላህ ይሠራል በላቸው እንጂ!» እለዋለሁ።

«ኢንሻ አላህማ እላለሁ። ይሠራል ነው የማልለው» ይለኛል።

የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ካለ ምላሱ የሚቆረጥ ይመስለው ነበር። እኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከተማው ውስጥ ቃሉን ሰምቼ ዞር ብዬ ሌላ ሰው የማልጠይቀው እሱን ብቻ ነበር።

ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነበር። እያስተማረም ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ዳር በነበረችው ጠባብ ሱቁ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ የተበላሸ ማሽን ይጠግናል። ጦርነቱ ሲያልፍ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ባዶ ጠረጴዛ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተነቅሏል። አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ኪቦርድ እየሣለ አስተማረ። ልጆቹ ዴስካቸውን በጣታቸው እየመቱ ታይፕ ይለማመዱ ነበር አሉ። በኋላ ተወው። ለምን እንደተወ ስጠይቀው «የሌለ ነገር ማስተማር ሰለቸኝ» አለኝ። እኔ የደረስኩት ከዚያ ወዲህ፣ ሱቁን ሙሉ ቀን መክፈት ሲጀምር ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈት ተቀምጬ ነበርና ነይ ባይ ሳገኝ ዓይኔን አላሸሁም።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዊንዶው የሚጫንበት ፍላሽ አዘጋጂ አለኝ። እኔም ዘፈን እንደሚገለበጠው ፋይሎቹን ፍላሹ ላይ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት። ላፕቶፑ ላይ ሰካው፤ አልተነሳም። ሳቀብኝ ልበል? አልሳቀም። ጠመኔ አወጣና የጠረጴዛው ላሜራ ላይ ረዥም አራት ማዕዘን ሠራ።

«ይሄ ዲስክ ነው። ባዶ ሜዳ በይው። ወሰን ካልተሠመረበት ማሽኑ የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም አያውቅም። መጀመሪያ ትቆርጫለሽ፤ ፓርቲሽን ማለት እሱ ነው፣ ቁራጭ። ቀጥሎ ቁራጩን ፎርማት ታደርጊያለሽ። ቀጥሎ ‹ማሽኑ ከዚህ ይነሳ› ብለሽ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ዊንዶውን የምትገለብጪው። አንቺ ወሰን በሌለው መሬት ላይ ነው የዘራሽው።»

ከዚያ አራት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ በጠመኔው ቀባ።

«ይቺ የወሰኑ መዝገብ ናት። የትኛው ቁራጭ ከየት እስከ የት እንደሆነ የተጻፈው እዚች ላይ ነው። ‹ክሊን› ብለሽ ስታዢ የምትፍቂው ይቺን ነው። ሜዳው ላይ ያለው ነገር አልተነካም፤ ማሽኑ ግን ባዶ ነው ብሎ ያምናል።»

«ፋይሉ አለ ማለት ነው?»

«አለ። ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስክትጽፊበት ድረስ። ከተጻፈበት ግን ለዘላለም የለም።»

እንዲህ ነበር የሚያስተምረኝ። ሁለት ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። አንደኛው ስለ ገበያው ፍላሽ ነው። ያኔ ከቆላ በኩል የሚገባ ርካሽ ፍላሽ ገበያውን ሞልቶታል፤ ላዩ ላይ አምስት መቶ ጊጋ ይላል፣ ሲሰኩትም አምስት መቶ ነኝ ይላል፣ ውስጡ ግን አሥራ ስድስት እንኳ አይሞላም። የያዘ ሁሉ ተሸውዷል። «ከፊቱ ስምንት ጊጋ ብቻ ቁረጪ፤ ዊንዶው እሷ ትበቃዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ የሌለ ሜዳ ነው» ይለኛል። ሁለተኛው ስለ ዲስክ ቁጥር ነው። ማሽኑ የተሰኩበትን ዲስኮች ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ይዘረዝራል፤ ቁጥሩ ግን እንደ አሰካኩ ይለዋወጣል። «ቁጥሩን አትመኚ፣ ስፋቱን እዪ» ይላል። ይህን ሲል ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ የጻፈውን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ነው ኢንተር የሚጫነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቁርዓን የምትቀራ ነው የምትመስለው» ብዬው «ተይ ልጅት፣ እሱን አታንሺ» ብሎ ተቆጣኝ።

አሁን ስለ እማማ ዙፋን ላውራ፤ ያለ እሳቸው የጋሽ ሙሄ ነገር አይገባም።

በኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው የሚለቀሰው በፎቶው ነው። ዘመዶቹ ጉርድ ፎቶውን ይዘው ይመጣሉ፤ እናሳድገዋለን፣ ፕላስቲክ እናለብሰዋለን፤ ድንኳኑ ውስጥ ይቆማል፤ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ደረታቸው ላይ አድርገው ያለቅሱበታል። ከጦርነቱ በኋላ የሱቃችን ዋና ሥራ ይሄ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጠፋ ልጅን ፎቶ ማሳደግ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ያሳደገ ሰው ቆርጧል፤ ልጄ ሞቷል ብሎ አምኗል።

እማማ ዙፋን ደግሞ አልቆረጡም። ከጎብዬ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የሚመጡት። አንድ ልጃቸው ሲሳይ በጦርነቱ ዓመት ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሞተም፣ አለም የሚል ሰው አልተገኘም። ቤታቸው ሲቃጠል የነበረቻቸው አንድ ጉርድ ፎቶ አብራ ሄደች። የቀረው ሲሳይ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ጋሽ ሙሄ ያነሳው ፎቶ ነው፤ እሱም ያለው በጋሽ ሙሄ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። በየገበያው ቀን ማሽላቸውን ሸጠው ሲያበቁ ብቅ ይላሉ፤ ወንበር እንስብላቸዋለን፤ «በል እስቲ ልጄን አሳየኝ» ይላሉ። ይከፈትላቸዋል። ዝም ብለው ያዩታል። አንዳንዴ «ሸሚዙ የአጎቱ ነው፣ ለፎቶ ብሎ ተውሶ» ይላሉ።

«እናቴ፣ ሳላሳድግ ጉርዱን ብቻ ላውጣልዎት፤ ይዘውት ይሂዱ» ብሏቸው ነበር ጋሽ ሙሄ፣ እኔም እያለሁ።

«ኸረ በሞቴ! በወረቀት አታውጣብኝ። የባሌ ወንድም ለቅሶውን እናውጣ እያለ ጠዋት ማታ ይነዘንዘኛል። ወረቀቱ እጁ ከገባ አሳድጎ ድንኳን ይተክልብኛል። ልጄን በቁሙ አልቀብርም።»

«በስልክ እንኳ ላንሳልዎት?» አልኩ እኔ፣ ቀልጣፋዋ።

«ስልክም ከሰው እጅ ይገባል፣ የኔ ልጅ። እዚሁ ይቀመጥ። ሌላ ቦታ እንዳይሄድብኝ ቃል ግባልኝ።»

ጋሽ ሙሄ ቃል ገባላቸው። ሲወጡ «ጋሼ፣ ቢያንስ ሌላ ዲስክ ላይ እንገልብጠው እንጂ፤ እሳቸው በምን ያውቃሉ?» አልኩት። ቃል መግባቱን ነገረኝ። እንግዲህ ይሄም የሱ ድርቅና ነው።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ሙሄ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄዷል። አንዲት የጤና ሠራተኛ ላፕቶፗን አምጥታ ዊንዶው እስኪጫንላት በሩ ላይ ቆማለች፤ ፍላሹም የራሷ ነው፣ ያ የፈረደበት አምስት መቶ ነኝ ባይ። እሱን ሰክቼ ዲስኮቹን አስዘረዘርኩ። ዜሮ የራሱ የማሽኑ ነው፤ አንድ ፍላሹ ነው፣ አምስት መቶ። ልጀምር ስል እማማ ዙፋን ገቡ። የያዝኩትን ትቼ የፎቶውን ዲስክ ሰካሁና ሲሳይን አወጣሁላቸው። ገና ዓይተው ሳይጠግቡ መብራቱ እልም አለ።

ጠበቅን። መኪና እንዳያመልጣቸው ፈሩ። «ይሁን፣ ዛሬ በጨረፍታም ቢሆን ዓይቼዋለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እሳቸው ከወጡ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ መጣ።

«ስንዱዬ፣ ተመልሶ ሳይሄድ ቶሎ በይልኝ!» አለች ሴትየዋ።

ማሽኑን አስነሳሁ። ዲስኮቹን አስዘረዘርኩ። ሦስት ነበሩ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። የፎቶውን ዲስክ እንዳልነቀልኩት ረስቻለሁ። ቁጥር አንድን መረጥኩ። ስፋቱን አላየሁም እንዳትሉኝ፤ አይቻለሁ! አራት መቶ ስልሳ ምናምን ይላል። ቅድም አምስት መቶ ያለ ፍላሽ አሁን አራት መቶ ስልሳ ሲል ምን አልኩ መሰላችሁ? «ውሸታም ዕቃ፣ ቃሉ እንኳ አይጸናም» ብዬ ሳቅሁ። እጄን ጉልበቴ ላይ አላስቀመጥኩም። ክሊን አልኩ። ከፊቱ ስምንት ጊጋ ቆረጥኩ፣ እንደተማርኩት። ፎርማት አደረግሁ፣ ምልክት አደረግሁ፣ ዊንዶውን ገለበጥኩበት። ገልብጦ ሊጨርስ ሲል ነው ዞር ብዬ ያየሁት። የፍላሹ መብራት ሞቷል። ብልጭ ብልጭ የሚለው የፎቶው ዲስክ ነው፤ አራት መቶ ስልሳ ምናምኑ የሱ ስፋት ነበር።

ወይኔ!

ጋሽ ሙሄ ከመስጊድ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ጋሽ ሙሄ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት። ዲስኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ገመዱን ነቀለና ተቀመጠ።

«ክሊን ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

«ቆርጠሻል?»

«አዎ።»

«ገልብጠሻል?»

«ጨርሷል።»

እንዲቆጣኝ ፈለግሁ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። የጤና ሠራተኛዋ ነገሩ ስላልገባት «እንግዲያው ነገ ልምጣ?» ብላ ሄደች።

«ስፋቱን አይተሻል?» አለኝ በመጨረሻ።

«አይቻለሁ። የውሸታሙ ፍላሽ መሰለኝ።»

«ስፋቱን እዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የሚዋሽ ፍላሽ መኖሩን የነገርኩሽም እኔ ነኝ። ሁለቱ አንድ ቀን እንደሚገናኙ ነው ያላሰብኩት» አለ። «ከፊቱ ስምንት ቁረጪ ያልኩሽም እኔ ነኝ።»

አምስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከዲስኩ ጋር ተቀመጠ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሲያስኬድበት፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲያስጀምር፣ መብራት ሲሄድበት ከዜሮ ሲነሳ። ከስምንቱ ጊጋ ወዲያ ያለው ፎቶ አብዛኛው ተገኘ፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ፣ ግን ፊቱ አለ። የሠርግ ነው፣ የመታወቂያ ነው፣ የምረቃ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ ግን ከፊት ነበር የተቀመጠው። ሲሳይ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እላዩ ላይ የጻፍኩበት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የተገኘው ግንባር ብቻ፣ አንገትጌ ብቻ፣ ከአፍንጫ በታች ግራጫ የሆነ ፊት ነው።

«ገበያ መጥተው ከሚሰሙ እኛ ሄደን እንንገራቸው» አለ። «በጠዋት፣ ከቤት ሳይወጡ።»

እሱስ የከተማ ሰው ነው፤ እኔ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት አላሰብኩትም? በመጀመሪያው መኪና ጎብዬ ወረድን። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን ተከናንቤአለሁ፤ እሱ ነጭ ቆቡን አድርጎ ጋቢ ለብሷል። ቤቱን ስላላወቅነው መንገድ ላይ ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ ጠየቅን፤ «ኑ ላድርሳችሁ» ብለው ከፊት ቀደሙ። ገና ጀምበር ሳትወጣ፣ ሦስት ሰው፣ ተከናንቦ፣ ዝም ብሎ ወደ አንድ ቤት ሲሄድ በኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው።

እማማ ዙፋን ግቢያቸው ውስጥ ጥጃ ሊፈቱ ነበር። ቀና ብለው አዩን። ገመዱን ለቀቁት።

«ልጄን!» አሉ። «ልጄን! ሲሳዬን!»

ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ወደቁ። ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ ሴቶቹ እሪ አሉ፤ አጥሩ ላይ የተቀመጠ ወፍ እንኳ አልቀረም። ጋሽ ሙሄ «እናቴ፣ መርዶ አይደለም! ወላሂ መርዶ አይደለም!» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው? መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንዲህ ይላል ብለው ይሆናል። ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም፣ ሲደክማቸው ነው ዝም ያሉት።

«ታዲያ በዚህ ጠዋት ለምን መጣችሁ?» አለ አንድ ሰው። የባላቸው ወንድም ነበር።

«ፎቶው ጠፍቶብኝ ነው» አለ ጋሽ ሙሄ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እኔ...» ብዬ አፌን ስከፍት ክንዴን ጨምድዶ ያዘው። ሲያመኝ ዝም አልኩ።

እማማ ዙፋን ከወደቁበት ሳይነሱ አዩት። ስለ ፎቶው የሰሙ አልመሰለኝም።

«ልጄስ? አለ?» አሉት።

ግቢው በሙሉ እሱን ያያል። በሆዴ «በል! በል አንተ ሰውዬ፣ አለ በላቸው፣ ምን አለበት!» እላለሁ። አንድ ቃል ነበረች። እንኳን ሙሄ፣ ድንጋይ ቢሆን ይላታል።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለ።

የባላቸው ወንድም «እንግዲህ ለቅሶውን ጀምረነዋል፤ ዛሬውኑ ድንኳን ተክለን እንጨርሰው» አለ። «በምን ታለቅሳላችሁ?» አሉት እማማ ዙፋን። «ልብሱ ተቃጥሏል፣ ፎቶው ጠፍቷል። በባዶ አየር ላይ ልታስለቅሰኝ ነው?» ሰው አንድ በአንድ ወደ ሥራው ሄደ። እኛም በመጣንበት እግራችን ተመለስን።

ደግሞ አይመጡም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ መጡ። ጋሽ ሙሄ ወንበር ሳበላቸውና የሚያደርገውን አስረዳቸው፤ ሳይደብቅ፣ ተስፋ ሳይሰጥ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን የተገኘውን ቁርጥራጭ ፊት ሁሉ ያሳያቸዋል። «ይሄ?» «አይደለም፣ የሲሳይ ጆሮ ገለጥ ያለ ነው።» «ይሄስ?» «አይደለም፣ ይሄ ልጅ ጠቆር ይላል።» መጀመሪያ መጀመሪያ ገና ሳይከፈት ነበር የሚመልሱት፤ አንገትጌ ብቻ አይተው «የኔ ልጅ አይደለም» ይሉ ነበር። ወራት አለፉ። መልሳቸው እየዘገየ ሄደ። ጋሽ ሙሄም እየከሳ ሄደ፤ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለው። «ጤና ጣቢያ ሂድ እንጂ!» ስለው «መድኃኒቱ የለም አሉኝ» ይልና ወደ ስክሪኑ ይመለሳል። አዲስ ዘዴ በሰማ ቁጥር ያንኑ ዲስክ እንደ አዲስ ይፈትሻል። እላዩ የተጻፈበት እንደማይመለስ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ያውቀዋል። ግን ይፈልጋል። ከሱቁ ወጥቼ ሌላ ሥራ የፈለግሁትም ለዚህ ነው፤ እሱን ሳይ ያጠፋሁትን ነበር የማየው፤ አልቻልኩም።

ከመልቀቄ በፊት በነበረው የመጨረሻው ገበያ አንድ ፎቶ አገኘ። ከዚያው ዓመት ነው። ግንባርና ሁለት ዓይን አለው፤ ከዓይኑ በታች ግራጫ ነው። የሲሳይ ክፍል ልጆች ብዛታቸው ከአርባ በላይ ነበር፤ ከነሱ የአንዱ ነው። እማማ ዙፋን ሲገቡ «እናቴ፣ ይሄንን እስቲ ቀረብ ብለው ይዩት» አላቸው።

ቀረቡ። ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። በጣም ቆዩ።

«እንጃ» አሉ።

«አይቸኩሉ።»

«እንጃ ልጄ። አንዴ እሱን ይመስለኛል፣ አንዴ አይመስለኝም።» ዞረው ጋሽ ሙሄን አዩት። «መልኩ ጠፋኝ።»

ጋሽ ሙሄ ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ በዚያ ቁስለኛ እግሩ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ እናቴ» አላቸው።

«አንተ ምን አደረግከኝ? እኔ ነኝ እንጂ አውፍ የሚለኝ ያጣሁት፤ የወለድኩትን ልጅ መልክ የረሳሁ።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሲያወርዱት ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር። «ያነሳኸው አንተ ነህ። ዓይኑን በዓይንህ አይተኸዋል። የሱ ነው በለኝና አሳድግልኝ። ይውጣ። ደክሞኛል፣ ላልቅስበት።»

ጋሽ ሙሄ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። «አላውቅም» ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የሱ ነው» አለ።

ተነስቶ ግራጫውን ቆርጦ ጣለው፤ የቀረውን አሳደገው። እኔ ፕላስቲኩን አለበስኩት፤ አንድ ጥግ ላይ አየር ገባበት። ሁለት ዓይንና ግንባር ነው። እማማ ዙፋን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙትና ምርቃት ሳይሰጡን ወጡ።

በሩ ላይ ቆመን ባጃጁ ውስጥ እስኪገቡ አየናቸው።

«ጋሽ ሙሄ፣ እውነት የሱ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ።

የሲሳይ ለቅሶ በሳምንቱ እሑድ ሆነ፤ ሁለታችንም ሄድን። ፎቶው ሴቶቹ እጅ ለእጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ፤ እንደ ወጉ ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ያ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምናልባትም በሕይወት ያለ የሲሳይ የክፍል ጓደኛ እንደሆነ እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት። ጋሽ ሙሄ ከወንዶቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ያን ቀን ቀና ሲል አላየሁትም።